አጫሿን ለመጠየቅ ዴንቨር ሄጄ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ዋሽንግተን አጠገብ ባለች ከተማ ለመምህራን የተዘጋጀ የአንድ ወር ሥልጠና ላይ ነበርኩ። አዳማ ላይ ሰው የሚተኛበት ሰዓት ነበር። እናቴ በእንዲህ ያለ ሰዓት የምትደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«የአጎትሽ ሚስት ማጨስ ጀምራለች» አለችኝ።

«እትዬ ሰናይት?»

«ሌላ ሚስት አለው እንዴ? ስልኩ እየተቆራረጠ መጀመሪያውን አልሰማሁትም፤ የሰማሁትን ግን በደንብ ሰምቻለሁ። ታጨሳለች። ዘይት ትጠጣለች። ጧት ጧት አልነሳም ትላለች። ካልተከፈተች ምኗን እንደሆነ አይታወቅም።»

«ዘይት ትጠጣለች?»

«የአሜሪካ ምግብ ይሆናላ! ያዩዋትማ ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ‹ጣላትና ሌላ ፈልግ!› ወንድሜ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ‹እንጀራዬ እሷ ናት፣ እንዴት አድርጌ እጥላታለሁ?› አለኝ። እዚያው አገር ተቀምጠሽማ ዝም አትዪም። ሄደሽ በዓይንሽ እዪ። ደግሞ በስልክ እንዳትጠይቂ፤ በሽታ በስልክ አይጠየቅም። ማጨሷን እንደሰማሽም እንዳታስመስዪ።»

እኔ እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአማርኛ ሰዋስው የማስተምር ሰው ነኝ። ‹እሷ› የሚለው ተውላጠ ስም ሰውንም ዕቃንም ሊተካ እንደሚችል በየዓመቱ ለተማሪዎቼ እናገራለሁ፤ ፈተና ላይም አወጣዋለሁ። የዚያን ዕለት ግን አንድም ጥያቄ ሳላነሳ የአውሮፕላን ቲኬት ቆረጥኩ። ሥልጠናው እስከ ማክሰኞ ዕረፍት ነበረው። ለአጎቴ ‹ልጠይቃችሁ እየመጣሁ ነው› ብዬ ጻፍኩለት። ‹ነይ፣ ደስ ይለናል፤ ጊዜው ትንሽ ከብዶናል እንጂ› ብሎ መለሰ። ምስኪን ሰውዬ፣ አልኩ።

አርብ ጧት ለታማሚዋ ማር፣ ጥቁር አዝሙድና አብሽ ይዤ አውሮፕላን ማረፊያ ደረስኩ። ፍተሻው ላይ ማሩ ፈሳሽ ነው ተብሎ ተወሰደ። አዳማ ገበያ ያሉ ማር ሻጮች ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር፤ እነሱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፈሳሽ እንዳልሆነ ሲምሉ ነው የኖሩት። አውሮፕላኑ ውስጥ ደግሞ ለአራት ሰዓት ያህል በረራ በልጅ መዳፍ ልክ የሆነ ብስኩት ሰጡን። ከአዳማ አዋሽ በአውቶቡስ የሄደ ሰው በየፌርማታው በመስኮት ብርቱካን፣ ለውዝና ቆሎ ሲቀርብለት ኖሮ፣ ሰማይ ላይ ሲወጣ ይህን ያህል እንደሚቸገር ማን ያምናል? አጠገቤ የተቀመጠው ሰው መስኮቱን ገና ሳንነሳ ዘግቶ ተኛ። ክፈትልኝ ማለት ከበደኝ፤ ስለዚህ የአሜሪካን መሃል አገር በሙሉ የፕላስቲክ መጋረጃ ሆኖ ነው ያየሁት።

ዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ መውጫው ላይ እትዬ ሰናይት ራሷ ቆማ ትጠብቀኛለች። በፎቶ ነው የማውቃት። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለምትሠራ ሰማያዊ የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ነው የመጣችው። ጉንጯ የሞላ፣ ክንዷ የጠነከረ ሴት ናት፤ ሻንጣዬን ከእጄ ነጥቃ እንደ ዘንቢል አንጠለጠለችው።

«ለምን ተነሥተሽ መጣሽ?» አልኳት በሐዘን።

«ማን ይምጣልሽ ታዲያ?»

ጥርሷን አየሁ፤ ነጭ ነው። ጣቷን አየሁ፤ ንጹሕ ነው። ጠረኗን ለማሸተት ሁለት ጊዜ ሳምኳት። ለጊዜው መኪና ስለሌላቸው በባቡር ነው የምንሄደው አለችኝ፤ ሕክምናው መኪናቸውን አሽጧቸዋል ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ባቡሩ ሜዳውን እያቋረጠ ወደ አውሮራ ሲወስደን፣ ተራራው ከሩቅ በረዶ ተከናንቦ ይታያል። እኔ ግን ከታማሚዋ ፊት ዓይኔን ማንሳት አልቻልኩም። በመጨረሻ እናቴ የከለከለችኝን ጠየቅኩ።

«ለመሆኑ... ማጨሱ እንዴት ነው?»

«ኧረ ተይኝ! ብሷል። ፓርኪንጉን በሙሉ በጭስ ሞልታው ጎረቤት ሪፖርት አደረገን።»

‹ሞልታው› ያለችውን ጆሮዬ ያዘ፤ አእምሮዬ ግን ገና አልነቃም።

«ዘይቱስ?»

«እሱማ በየሁለት ቀኑ እያጠጣናት ነው።»

‹እያጠጣናት›። ሦስተኛ መደብ፣ ነጠላ፣ አንስታይ። ሰዋስው አስተማሪዋ በዚህ ጊዜ ከእንቅልፏ ተነሣች።

«ማንን?»

«ቫኗን ነዋ! ማንን መሰለሽ?»

የመሰለኝን ነገርኳት። እየተንተባተብኩ፣ ወለሉን እያየሁ፣ ከእናቴ የሰማሁትን አንድ በአንድ። እትዬ ሰናይት እስኪያልባት ሳቀች፤ ፊት ለፊታችን የነበሩ ሰዎች ዕቃቸውን ይዘው ወንበር ለወጡ። ከዚያ ሳቋ ድንገት ቀጥ አለ።

«ቆይ። እናትሽ ይሄን ለማን ነገረች?»

«ለማንም። ማለቴ... ለእድር ሰዎች። እንዲጸልዩልሽ።»

«በቃ! አዳማ በሙሉ አጫሽ ናት ብሎኛል። እኔ ሻይ ሲወፍር እንኳን የማልጠጣ ሰው!»

ቤታቸው ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት ነው። አጎቴ፣ ጋሼ በላቸው፣ ሻንጣዬ ቤት ሳይገባ ወደ ፓርኪንጉ ወሰደኝና ታማሚዋን አስተዋወቀኝ፤ አሮጌ ነጭ ቫን። ሊያስነሳት ቁልፉን አዞረ፤ ረጅም ሳል ሳለች፣ ተነሣች፣ ከኋላዋ ሰማያዊ ጭስ ለቀቀች። እናቴ የሰማችው አንድም የተሳሳተ ቃል አልነበረውም።

ለማያውቅ ልንገር፤ እኔም ያኔ ነው ያወቅኩት። ፒስተን ማለት ሞተር ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሮጥ፣ የተደፋ ጣሳ የመሰለ ብረት ነው። ዙሪያውን የታሰረለት ቀጭን የብረት ቀለበት አለ፤ የእኛ አገር ጋራዦች ፋሻ ይሉታል። ፋሻው ሲያልቅ ወይም ፒስተኑ ሲጎዳ ዘይቱ ሾልኮ እየገባ ከነዳጁ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ጭሱ የዚያ ነው። አንድ ጋራዥ መኪናዋን በሩቁ ተመልክቶ «ጣላትና ሌላ ፈልግ» ብሏል። እዚህ አገር ሞተር አይታከምም፤ ይቀበራል።

ችግሩ ቫኗ ብቻዋን አለመታመሟ ነው። አጎቴ በእሷ የሚያመላልሰው ኩላሊታቸውን በማሽን የሚያሳጥቡ በሽተኞችን ነው። ከሁሉም የሚያሳስቡት እማማ ዘይነባ ናቸው፤ እዚያው ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት።

«እሳቸው ደረጃውን ለመውረድ ጊዜ ይወስድባቸዋል» አለኝ። «እኔ ወጥቼ በክንዳቸው ይዤ ነው የማወርዳቸው። ቫኗ ስትታመም የሚያሠራኝ ካምፓኒ ሌላ ሹፌር ላከ። ሹፌሩ ታች ሆኖ ደወለ፤ ጠበቀ፤ ሄደ። እሳቸው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነበሩ። ያን ቀን ሳይታጠቡ ቀሩ፤ እግራቸው እንዲህ አብጦ አየሁት።»

ካምፓኒው ሰኞ መኪናዋን ይፈትሻል። ሰኞ ካልቀረበች የእማማ ዘይነባ መስመር ለዚያው ሹፌር በቋሚነት ይሰጣል። አጎቴ ይህን ሲነግረኝ ለእኔ ሳይሆን ለቫኗ ነበር የሚናገረው።

ቅዳሜ ጧት እትዬ ሰናይት ቁርስ ሳታቀርብ አዳማ ደወለች።

«እትዬ፣ እኔ አላጨስም! መኪናዋ ናት!»

«ተይው ልጄ» አለች እናቴ፣ «እኛ አንፈርድብሽም።»

እትዬ ሰናይት ስልኩን ለእኔ አቀብላኝ ወደ ኩሽና ገባች። የዚያን ዕለት እንቁላሉ በጣም ተጠበሰ።

አፓርትመንቱ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መጠገን የሚከለክል ትልቅ ማስታወቂያ አለ። አዳማ ቢሆን ማስታወቂያው ሥር ተኝተው ነበር የሚጠግኑት። ስለዚህ ቫኗ ተጎትታ ከሃቫና ስትሪት ጀርባ ወዳለው የሙስጠፋ ጋራዥ ተወሰደች። ሙስጠፋ የመርካቶ ልጅ ነው፤ የአጎቴ የዘመናት ወዳጅና ባላንጣ። አጎቴ ወጣት ሳለ አዳማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ትንሽ ጊዜ ሠርቶ ነበር። መካኒክ አላደረገውም፤ ዕድሜ ልኩን በመካኒክ ሥራ ላይ አስተያየት እንዲሰጥ ግን በቅቶታል።

«ቀስ በል፣ ቴስታታውን ታጎብጠዋለህ!» ይላል አጎቴ ሙስጠፋ የሞተሩን ክዳን ሲፈታ።

«በላቸው፣ አንተ ጋራዥ የሠራኸው ሻይ እያመላለስክ አይደለም እንዴ?»

«ሻይ እያመላለስኩ ያየሁትን አንተ እየፈታህ አላየኸውም!»

ሰዋስው አስተማሪዋ መብራት ያዢ ተባለች። አራቱ ፒስተኖች አንድ በአንድ ወጡ። ሦስቱ ጠቁረዋል፤ አንዱ ግን ጎኑ ተፍቆ፣ ፋሻው ለሁለት ተሰብሯል። ሙስጠፋ ጣቱን ሲሊንደሩ ውስጥ ከቶ ዳሰሰ፤ በመለኪያ ለካ፤ እንደገና ለካ። ሲሊንደሩ ራሱ ካለቀ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት ግድ ነው፤ ቶርኖ ቤቱ ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። አጎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተያየት አልሰጠም።

«ተርፏል» አለ ሙስጠፋ። «አልሐምዱሊላህ። ትንሽ ይፋቅና ለአራቱም አዲስ ፒስተን ከነፋሻው ይገባል።»

የመኪና ዕቃ ለመግዛት መኪና ያስፈልጋል፤ አውሮራ እንዲህ ናት። አዳማ ቢሆን ባጃጅ ይጠራል፤ ባጃጁም ዕቃው የት እንዳለ፣ ባለሱቁ ዛሬ በምን እንደተቆጣ ሳይቀር ይነግርሃል። እኛ በአውቶቡስ ሄድን፤ ወረድን፤ ኢስት ኮልፋክስ ላይ አሥራ አምስት ቁጥርን ይዘን፣ እንደገና ወርደን፣ ለእግረኛ ባልታሰበ ሜዳ ላይ በእግር ተጓዝን። መኪኖች ውስጥ ያሉ ሰዎች አዝነው ያዩናል።

ሱቁ ውስጥ ባንኮኒው ላይ ያለው ወጣት ፈገግ ብሎ ተቀበለን። አጎቴ ደረቱን ነፋ።

«አይ ኒድ ፋሻ» አለ።

«ሶሪ?»

«ፋሻ! ፋሻ ፎር ፒስተን! ኤንድ ብሮንዚና! ኤንድ ጓርኒሲዮን!»

ወጣቱ አሰበ፤ ፊቱ በራ። «ፋሽን?» አለና ተከተሉኝ ብሎ የነብር ቆዳ የመሰለ የመኪና መሪ ልብስ ወደተደረደረበት ወሰደን።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ፣ «ይሄ ልጅ እንግሊዝኛ አይችልም» አለኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። አጎቴ እነዚህን ቃላት ዕድሜውን ሙሉ እንግሊዝኛ ናቸው ብሎ ነበር የያዛቸው። ጋራዥ ውስጥ ሲማራቸው የፈረንጅ ቃል ናቸው ብለውታል፤ ፈረንጅ ደግሞ አንድ ነው።

«ጋሼ» አልኩት ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጣሊያንኛ ነው።»

«የቱ?»

«ሁሉም።»

አጎቴ የነብር ቆዳውን መሪ ልብስ ይዞ ለረጅም ጊዜ ቆመ። እንግሊዝኛውን እንዳልናገርለት ደግሞ እኔም አላውቀውም፤ የተማርኩት እንግሊዝኛ ስለ ዓረፍተ ነገር አወቃቀር እንጂ ስለ ሞተር አይደለም። ሰው በተሰለፈበት ባንኮኒ ፊት መናገር ለእኔ ጥርስ እንደማስነቀል ነው። ቢሆንም ቦርሳዬን ከፈትኩ። የተሰበረውን ፋሻ በለስላሳ ወረቀት ጠቅልዬ ይዤው ነበር። ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩት።

«አህ! ሪንግስ!» አለ ወጣቱ።

«ቀለበት?» አለ አጎቴ። «ፋሻን ቀለበት ነው የሚሉት? እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?»

ወጣቱ ልበ መልካም ነበር። ሙሉ ዕቃው እነሱ ዘንድ ስላልነበረ ከመጋዘናቸው አስፈልጎ አገኘው፤ እሑድ እኩለ ቀን ይደርሳል አለን። ስንወጣም ፋሻ የሚለውን ቃል በትክክል እስኪጠራው ድረስ አጎቴ አስተማረው። ከአሁን በኋላ አውሮራ ውስጥ አንድ የመኪና ዕቃ ሻጭ ጣሊያንኛን በአዳማ ዘዬ ይናገራል።

እሑድ አጎቴና እትዬ ሰናይት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዕቃው ደረሰ። እትዬ ሰናይት ለሁላችንም ምሳ ይዛ ጋራዡ መጣች፤ ምስርና ጎመን። በሥጋ ጉዳይ ክርስቲያንና እስላም ስለማይገናኙ፣ አጎቴና ሙስጠፋ ሳይጣሉ የሚበሉት ይህንን ብቻ ነው። በሞተር ጉዳይ ግን እየበሉም ተጣሉ።

እያንዳንዱ አዲስ ፒስተን አናቱ ላይ ትንሽ ቀስት አለው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብቢ አሉኝ፤ ‹ቀስቱ ወደ ፊት ይዙር› ይላል።

«ፊት ማለት በግጭት መከላከያው በኩል ነው» አለ አጎቴ። «መኪና ፊቷ አንድ ነው።»

«የመኪናዋ ፊት አይደለም፣ የሞተሩ ፊት ነው» አለ ሙስጠፋ። «ሞተሩ አግድም ነው የተኛው። ፊቱ በቺንጊያው፣ በሞተሩ ቀበቶ በኩል ነው።»

«አንተ አግድም ስትተኛ ፊትህ በጎንህ ይሆናል?»

«እኔ ፊቴ የትም ይሁን፣ በላቸው፣ አንተ ግን ከፊቴ ዞር በልልኝ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ፤ የተማረች ናትና ትፍረድ። ወረቀቱን ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ ሥዕል አለ። ሥዕሉ ሙስጠፋን ደገፈ። አጎቴ ምስሩን ይዞ ውጭ ወጥቶ ጎማ ላይ ተቀመጠ፤ ፒስተኖቹ በሰላም ገቡ።

ሊመሽ ሲል ቁልፉ ተዞረ። ቫኗ አንዴ አንገራገረች፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ተነሣች፤ ወዲያውም ከበፊቱ የባሰ ጭስ ለቀቀች። እትዬ ሰናይት «ወይኔ!» ብላ አፏን ያዘች። አጎቴ ነጣ። ሙስጠፋ ብቻ «ስንገጥም የቀባነው ዘይት ነው፤ ይለቃት» አለ እጁን እየጠረገ። ጠበቅን። ጭሱ ሳሳ፤ ነጣ፤ ጠፋ። ሞተሩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መታ። አጎቴ ሙስጠፋን አቅፎ ሳመውና ወዲያው፣ «ቀስቱን ግን አሁንም አላመንኩም» አለው።

ሰኞ ወደ ፍተሻው ሄድን። አዲስ ፒስተን የገባለት ሞተር ሮዳጅ የሚሉትን መላመጃ እስኪጨርስ በቀስታ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ አጎቴ ሃይዌይ አልገባም አለ። ዴንቨር ውስጥ በቀስታ መንዳት ምን ያህል ሰው እንደሚያስቆጣ አላውቅም ነበር። ከኋላችን የነበረች ሴት ጡሩንባዋን እየነፋች አልፋን፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ ጣቷን አሳየችን። አጎቴ ሰላምታ መስሎት እጁን አውለበለበላት። አዳማ ቢሆን የጋሪ ፈረስ ነበር የሚቀድመን፤ ባለጋሪውም ቢያንስ ‹ምን ሆናችሁ?› ይል ነበር።

ፈታሹ ረጅም፣ ጨዋ ሰው ነበር። መቀመጫዎቹን አየ። ቀበቶዎቹን ሳበ። የእሳት ማጥፊያውን አነሣ፣ አስቀመጠ። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚዘረጋውን መወጣጫ ረገጠ። ፍሬቻ አስበራ። ምንጣፉን አሸተተ።

«ኦኬ፣ ጨርሰናል። አልፋለች» አለ።

አጎቴ አልተንቀሳቀሰም። «ሞተሩስ?»

«ሞተር አንፈትሽም።»

አጎቴ ቀስ ብሎ ወርዶ ኮፈኑን ራሱ ከፈተ። «ፕሊስ» አለ፣ «ሉክ።» ፈታሹ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። የታጠበውን ሞተር፣ አዲሱን ጋስኬት (አጎቴ አሁን ጓርኒሲዮን ማለት ትቷል)፣ አንዲት ጠብታ ዘይት የሌለበትን ብረት።

«ናይስ» አለ።

ለዚያ ሁሉ ሥራ የተሰጠን ምስጋና ይኸው ነው፤ አንድ ቃል። አጎቴ ግን እስከ ቤት ድረስ «ናይስ አለ፣ ሰማሽ? ናይስ!» እያለኝ ሄደ። እዚያው መንገድ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ የነገው የሥራ መልእክት ነው። ከላይ የተጻፈው ስም ዘይነባ ነበር።

ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ከአጎቴ ጋር ወጣሁ። በረራዬ ከሰዓት በኋላ ነው። የእማማ ዘይነባ ሕንፃ ደጃፍ ስንደርስ አጎቴ የቫኗን በር ሊከፍት ሲል፣ «ጋሼ፣ እኔ ልውጣ» አልኩት። ለምን እንዳልኩ አላውቅም፤ የማላውቀውን ሰው በር ማንኳኳት በዓለም ላይ ከሁሉም የምጠላው ነገር ነው። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ በሩ ፊት ብዙ ቆምኩ። ከዚያ አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

«የበላቸው የእህት ልጅ። መኪናዋ መጥታለች።»

በሩ ተከፈተ። ትንሽዬ ሴት ናቸው፤ ሻሻቸውን አስረዋል፣ ካልሲያቸው ላይ ነጠላ ጫማ አጥልቀዋል፣ እግራቸው ገና እንዳበጠ ነው።

«ቶሎ እወርዳለሁ ልጄ፣ ቶሎ» አሉኝ፣ ከአሁኑ ግድግዳውን እየያዙ። «ጥሎኝ እንዳይሄድ ንገሪው።»

«አይሄድም፤ ቀስ ይበሉ እማማ» አልኳቸው።

ክንዳቸውን ያዝኩ። አንድ ደረጃ ወረድን፤ አረፍን። ሌላ ደረጃ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስንደርስ ትንፋሻቸው አጠረ፤ በመስኮቱ አጮልቀው ታች ያለችውን ቫን ፈለጉ። ቆማለች። እዚያው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ስለ እናቴ ጠየቁኝ፣ ስለ አዳማ ጠየቁኝ፣ ባል እንዳለኝ ጠየቁኝ፤ እስኪበቃቸው መለስኩላቸው።